መጨረሻው የተገነጠለ ልቦለድ

ቢቸና ባዮሎጂ በማስተምርበት ጊዜ ልቦለድ ብርቅ ሆኖብኝ ነበር። የከተማው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሚሸጡት ደብተር፣ የጸሎት መጽሐፍና የፈተና መለማመጃ ነው። "ልቦለድ አለ?" ስላቸው ሥጋ ቤት ገብታ ጫማ እንደጠየቀች ሴት ያዩኛል።

ያኔ ነው አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ስላነበበቻቸው ልቦለዶች የምትጽፍበትን ብሎግ ያገኘሁት። በስልኬ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆንብኛል። ስለዚህ ከክፍል ስወጣ ኢንተርኔት ቤት እሄዳለሁ። ገጹ ግማሹ ይመጣል፤ ቀሪውን ስጠብቅ መብራት ይጠፋል። እሱስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ከምታወራላቸው መጻሕፍት አንዱንም ማግኘት አለመቻሌ ነበር። የሰው ድግስ በአጥር ቀዳዳ እንደማየት ነው።

አንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ እየኖሩ ለብዙ ዓመት ስላልተነጋገሩ ሁለት እህትማማቾች የሚተርክ ልቦለድ አነሳች። "ይነጋገሩ ይሆን? እሱን በመጨረሻው ምዕራፍ ታገኙታላችሁ" ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቼ ስለ ሴል እያስተማርኩ እንኳ የማስበው እነዚያን ሴቶች ሆነ።

አዲስ አበባ ለንግድ የሚመላለሰውን የባለቤቴን የአክስት ልጅ እንዲገዛልኝ ለመንኩት። የስብከት መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ።

"ይኼ እኮ አይደለም" አልኩት።

"እንዴ! ርዕሱ ላይ 'እኅቶች' ይላል አይደል? ደግሞ ይኼ ይጠቅምሻል።"

ቢቸግረኝ ብሎጉ የአስተያየት መስጫ ላይ "ቢቸና አካባቢ ይህ መጽሐፍ ያለው ሰው አለ?" ብዬ ጻፍኩ። ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ መልስ መጣ። "እኔ ዘንድ አለ። ሞጣ ጨርቅ ቤት አለኝ፤ ብቅ ይበሉ" ይላል፤ ስልክ ቁጥርም አለው።

ቅዳሜ ደብረ ወርቅን አልፌ፣ አቧራ ለብሼ ሞጣ ደረስኩ። ባለሱቋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከአያቶቿ ጀምሮ እዚያው ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጅ ነበረች። መጽሐፉን ከጣቃዎቹ ሥር አውጥታ ሰጠችኝና "ስትጨርሺ ደውዪልኝ" አለች። ፈገግታዋ ትንሽ የተለየ ነበር፤ እኔ ግን በደስታዬ ልብ አላልኩትም።

አውቶቡስ ላይ ጀመርኩት። እሑድ ከሰዓት መጨረሻው ጋ ስደርስ የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። ተገንጥሏል። ደወልኩላት።

"መጨረሻውስ?"

"እኔም እንደዚያው ሆኖ ነው ያገኘሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትወስጂው ነበር? ብቻዬን መናደድ ሰለቸኝ።"

ልሳደብ ስል ሳቄ መጣ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ወደ ብሎግ ጸሐፊዋ ዞረ። ችግራችንን አስረድተን መጨረሻውን እንድትነግረን ጻፍንላት። "የልቦለድ መጨረሻ አይነገርም፤ ገዝታችሁ አንብቡ" ብላ መለሰች። ገዝታችሁ! ከየት? ልክ ልኳን የሚነግር ረጅም መልስ ጽፌ ልልክ ስል መብራት ጠፋ።

ክረምት ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስሄድ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሙሉውን አገኘሁት። እዚያው ቆሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩና ሞጣ ደወልኩ።

"ተነጋገሩ?" አለች፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ።

"ታናሽየዋ 'በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ' አለቻት።"

"ከዚያስ?"

"ዘጋችው። በቃ።"

"ለዚህ ነው ያ ሁሉ?"

እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ተናድጄ ነበር። ያም ሆኖ ገዛሁትና ሞጣ በሚሄድ አውቶቡስ ላክሁላት። አንብባ እንደጨረሰች ደወለች። መጨረሻውን አምርራ ካማችው በኋላ ብሎጉ ላይ ስለወጣ ሌላ ልቦለድ ታወራልኝ ጀመር።

"እሱንስ ከየት ነው የምናገኘው?" አልኳት።

እሷም አላወቀችም።