እንቅልፌና የእናቴ ፀጉር

በሕይወት እያለሁ ተለቅሶልኛል። ጥፋቴ መተኛቴ ብቻ ነበር።

ደባርቅ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ከወሩ ግማሹን የምገባው ሌሊት ነው። ሌሊት መሥራቱ አይደለም የሚከብደው፣ ቀን መተኛቱ ነው። ጠዋት ከተራዬ ስወጣ ከሊማሊሞ በኩል የሚመጣው ብርድ ፊቴን ይገርፈኝና እንቅልፌን ይዞት ይሄዳል። ቤት ስደርስ ከግድግዳዬ ጀርባ ያለው ወፍጮ ሥራ ጀምሯል። ቀብር ካለ ደግሞ መቅረት የለም፤ "ሌሊት ሠርቼ ነው" ብሎ ከቀብር የሚቀር ሰው እኛ ሰፈር ገና አልተወለደም። ሁለት ሰዓት ከተኛሁ ተመስገን ነው። ጨጓራዬ ይነደኛል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ይህም ሆኖ በሽተኞችን "በደንብ ይተኙ፣ ቡና ይቀንሱ" እያልኩ እመክር ነበር። እኔ ራሴ ሌሊቱን የምገፋው በቡና ነው።

አንድ ሌሊት የአንድ አዛውንት መርፌ ይዤ የሌላ ሰው ክንድ ላይ ጎንበስ አልኩ። ሰውዬው "ልጄ፣ እኔን እኮ ቅድም ወግተኸኛል" ባይሉኝ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። እስኪነጋ ድረስ እያንዳንዱን መርፌ ከካርዱ ጋር ሁለቴ ሳመሳክር አደርኩ።

ጠዋት ቆርጬ ገባሁ። መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩ፣ ጆሮዬን በጥጥ ወተፍኩ፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። እዚህ ድረስ ደግ ነው። ያጠፋሁት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ለአለርጂ የሚሰጠውን፣ እንቅልፍ የሚያመጣውን ኪኒን ሁለት አድርጌ ዋጥኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። የሚቀጥለው ሌሊት ዕረፍቴ ስለሆነ ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው።

አከራዬ ባለቤታቸው ቄስ የነበሩ ደግ ባልቴት ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ ይዘው አንኳኩ፤ መልስ የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደገሙ፤ ዝም። ስልኬ ዝግ ነው። ዳባት ያለችው የእናቴ ቁጥር ነበራቸው። ግን እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ላስደነግጣት አይገባም ብለው ለጎረቤቷ ደወሉ። "ልጁ ከጠዋት ጀምሮ በሩን አልከፈተም፤ አሞት ይሆናል፣ ነገ ብቅ በሉ" ነው ያሉት።

በእኛ አገር ግን የልጅን ነገር እናትን አልፎ ለጎረቤት መንገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? የሞት ወሬ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ሰብሰብ ብለው ያድሩና ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ጎረቤትየዋም ይህንኑ አደረገች። መልሳ ደውላ ልጠይቅ አላለችም።

እኔ እኩለ ሌሊት ገደማ ባንኜ፣ ከጀሪካኑ ውኃ ጠጥቼ ተመልሼ ወደቅሁ። አከራዬ ድምፁን ሰምተው "ተመስገን፣ ደህና ነው" ብለው ተኙ። በዚያች ሰዓት ዳባት ላይ ሽማግሌዎች መርዶዬን ይዘው ተቀምጠዋል።

ጥጡን አልፎ የመጣ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። "ደግሞ ቀብር!" ብዬ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ስሜን ሰማሁ። ስሜን እየጠራች የምታለቅሰው እናቴ ናት። ግድግዳውን እየዳሰስኩ ሄጄ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ግቢው ነጠላውን ባዘቀዘቀ ሰው ሞልቷል። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። እናቴ ሻሿ ወልቆ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ፀጉሯ የለም። መርዶውን እንደሰማች ተሸልታዋለች፤ ጆሮዋ አጠገብ መቀሱ ያደማት ቦታ ገና አልደረቀም።

"አንተ ነህ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ እማ። ተኝቼ ነው።"

"ተኝቶ ነው!" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "ተኝቶ ነው አለ!" ይህን ብላ ክንዴ ላይ ወደቀች።

ግፊቷን ለካሁ። ያነበብኩትን ማመን አቅቶኝ ደግሜ ለካሁ። ያን ያህል ሆኖ በእግሩ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። አከራዬ ጥግ ይዘው "እንዳትደነግጥ ብዬ እኮ ነው! እንዳትደነግጥ ብዬ!" እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

አልሞተችብኝም። እኔው በምሠራበት ክፍል ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች።

ዛሬም መስኮቱን እደፍናለሁ፣ ጥጡንም አልተውኩም። ኪኒኑን ግን ትቻለሁ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቡና አልቀምስም፣ ቀብር አከራዬ ይሄዱልኛል፣ በሩን ከውስጥ አልቀረቅርም፣ የክፍሌ ትርፍ ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው። ከመተኛቴ በፊት ለእናቴ እደውላለሁ፤ ስነቃም እደውላለሁ። ገና አንዴ ሳይጠራ ታነሳዋለች። አንድ ቀን "ስልኩ ሥር ነው እንዴ የምትውይው?" ብዬ ቀለድኩባት።

"አንተ እስክትነቃ የት እሄዳለሁ?" አለችኝ።

ለፋሲካ ዳባት ሄድኩ። ቀን ከምሳ በኋላ ሻሿን አውልቃ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ፀጉሯ ጆሮዋን ሸፍኗል። በጣም ዝም አለችብኝ። ተነስቼ እጄን አፍንጫዋ አጠገብ ያዝኩ፤ ትንፋሿ እስኪሞቀኝ ድረስ እኔም አልተነፈስኩም።