ማውስ የማይነኩ ሰዎችን ፍለጋ

«ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማውስ ያልነካ ሰው ታዲያ ምን ይባላል?»

«እያሰበ ይሆናላ፣ አቶ ግርማ። እኔ አንዲት ስንኝ ለማቃናት አንድ ሰዓት ግድግዳ ላይ አፈጣለሁ።»

«ግጥምሽን ቤትሽ! እኔ የምሸጠው መኖና የከብት መድኃኒት ነው።»

ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ከድርጅቱ ባለቤት ጋር የገጠምኩት ይህ ክርክር ሳያልቅ ነው። የጻፍኩትን ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በሦስቱ ቅርንጫፎች ኮምፒውተሮች ላይ ልጭን ነው። ስክሪፕቱ ኪቦርድና ማውስ ለመጨረሻ ጊዜ የተነኩት መቼ እንደሆነ ዊንዶውስን በየደቂቃው ይጠይቃል። ሃያ ደቂቃ ካለፈ «ሥራ ፈት» ብሎ በኔትወርኩ ወደ ዋናው ቢሮ ይልካል። በቀን ሦስት ሰዓት ሥራ ፈት የተባለ ሰው ኮንትራቱ አይታደስም።

ሰበታ

ከዓለም ገና ወዲያ መንገዱ በጭነት መኪና ታፍኖ ስለነበር የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። የቅርንጫፉ ሽያጭ ሠራተኛ አልማዝ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች።

«ሲቆጥረን ድምፅ ያሰማል?»

«አያሰማም።»

«እንግዲያው ከአማቴም ይብሳል።»

ሽሮዬን በልቼ ሳልጨርስ አልማዝ ቡራዩ ላለው ቅርንጫፍ ደውላ አስጠንቅቃለች።

ቡራዩ፣ ማክሰኞ

ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ጠዋት ጭኜ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ሻይ ቤት ሄጄ፣ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ የቅርንጫፉ ሠራተኛ የዳዊት ኮምፒውተር አንድ ደቂቃ እንኳ ሥራ አልፈታም። ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ዳዊት ደጅ የፉርሽካ ጆንያ ከአይሱዙ ያወርዳል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቷል።

ገብቶ ማውሱን አነሳልኝ። ከሥሩ የእጅ ሰዓቱ ተኝቷል። የሰከንዷ ቆጣሪ ከማውሱ መብራት ሥር ስትዞር ማውሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል።

«እኔ ጆንያ ሳወርድ እሱ በኔ ፈንታ ይቀመጥ እንጂ እህቴ!»

ሳቅሁ። ስክሪፕቴ ግን አምኖታል።

ሱሉልታ፣ ረቡዕ

እንጦጦን አልፈን ስንወርድ ብርዱ የሚኒባሱን መስኮት አስዘጋን። ሯጮች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይሮጣሉ። ቅርንጫፉን ብቻዋን የያዘችው ጫልቱ የከብት ሕክምና ተምራለች። ስክሪፕቱን እየጫንኩ የሰዓቱን ዘዴ ነገርኳት።

«ሰዓት የለኝም፤ ስልኬ ላይ ነው የማየው» ብላ ሳትጨርስ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ላማቸውን ደጅ አስረዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ለታ?» ብላ እንዴት እንዳደሩ ጠይቃ ቴርሞሜትሯን ይዛ ወጣች። ከኦቦ ለታ በኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። በኦሮምኛ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ እያስረዳች ከላም ወደ ጥጃ ስትል ዋለች። ማታ ኮምፒውተሩ «ሥራ ፈት፦ ሦስት ሰዓት ከሩብ» አለ።

ቁጥሩን ቆማ አየችው። «ኮንትራቴ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው» አለች። «ግን ላሟን እዚህ ተቀምጬ ማየት አልችልም።»

አዲስ አበባ፣ ሐሙስ

«ጫልቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ትሂድ» አሉ አቶ ግርማ ዝርዝሩን እያነበቡ። «ዳዊት ግን ምንም! ሠራተኛ ማለት ይኼ ነው!»

የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ማውሳቸው ሥር አስቀመጥኩ። ስክሪናቸው ላይ ቀስቷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሱ።

«ማን ነው የሚነካው?»

«ማንም። ዳዊት ያን ጊዜ ደጅ ጆንያ ያወርድ ነበር። ጫልቱም ደጅ ላም ታክም ነበር። እኔ ያወቅሁት ስለሄድኩ ነው፤ ስክሪፕቴ ደጁን አያይም።»

ከወንበራቸው ተነሱ።

«ጫልቱ አሁን እዚያ ትገኛለች?»

«ኮምፒውተሩ ጋ ካጧት ደጅ ይፈልጓት።»

የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። «ዝርዝሩን ለጊዜው ለማንም እንዳትልኪ» ብለው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ቀስቷ መንቀጥቀጧን አላቆመችም።