ሞፈራቸውን የሰጡት ሃምሳ አለቃ

ወገዳ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የካርድ ሣጥን አስረከቡኝ። «እዚህ ሰው ‹ራሴን ያመኛል› እንጂ ‹ተጨነቅሁ› አይልህም፤ አንተ ፈልገህ አግኝ» አሉኝ። ከልጅነቴ ነገር መመርመር ስለምወድ ሥራው በልኬ የተሰፋልኝ መሰለኝ።

ከታካሚዎቼ አንዱ ከጦር ሠራዊት በጡረታ ተሰናብተው በእርሻ የሚኖሩት ሃምሳ አለቃ አዱኛ ነበሩ። እንቅልፍ አጥተው፣ ከሰው ተገልለው መጡ፤ መድኃኒት ጀመርንላቸው። ቅጹ ላይ «ራስን የማጥፋት ሐሳብ አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ታላቅ ሰውን፣ ያውም ወታደርን፣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎኝ በየወሩ ሳልጠይቅ «የለም» እያልኩ እሞላ ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዓመቱ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ መድኃኒቱን ሊወስዱ ብቻቸውን መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ተመስገን ልጄ፣ ልቡ ተመለሰ! ከተጣላው ሁሉ ታረቀ፤ ንስሐ ገባ። ሞፈር ቀንበሩን እንኳ ለወንድሙ ሰጠ» አሉኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ ካርዱ ላይ «ተሽሏቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሰኔ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ሞፈሩን የሚሰጥ ገበሬ አይቼ አላውቅም።

«ታዲያ በምን ሊያርሱ ነው?» አልኳቸው።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ዘንድሮ አያስፈልገኝም› አለኝ።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ተለወጠ።

ኃላፊውን አስፈቅጄ በሞተር ሳይክል ወይዘሮ ይርገዱን ይዤ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ፤ በመጨረሻ እንዳለ አወጣሁት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

 ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ዓመት ሙሉ ስመላለስ ይህን አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉኝ።

ተናገሩ፤ እኔ አዳመጥኩ። ቤታቸው ያለው ጠመንጃ ወንድማቸው ቤት እንዲሰነብት እሳቸው ራሳቸው ተስማሙ። በማግስቱ ከባለቤታቸውና ከወንድማቸው ጋር ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰድናቸው። በዚያ ክረምት ዘግይተውም ቢሆን ጤፋቸውን ዘሩ። ዛሬም በሕይወት አሉ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህን ነው። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ያለውን ያወጣል። ጠይቁ።