ለጥቁር ጉድጓድ ምልክት ያጣችው አስተርጓሚ

መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ስታስተረጉም ጠጉሯ ሸበተ። ማታ እህቷ ቀኝ ትከሻዋን በቅባት እያሸች፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው አፍ ሆነሽ ልታልቂ ነው!» ትላታለች። «ይሄን መንፈቅ ልጨርስና እተወዋለሁ» ነው መልሷ። እንዲህ እያለች ስንት መንፈቅ አለፈ።

በዚያ ዓመት የደረሰቻት ተማሪ የሥነ ፈለክ ትምህርት የምትከታተል ሴት ነበረች። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር ግን እንደ ጥይት ይፈጥናል። ይባስ ብሎ «ጥቁር ጉድጓድ» ለሚባለው፣ ብርሃን እንኳ ለማያስመልጠው የሰማይ አካል ሁለቱም ሴቶች ምልክት አያውቁለትም። መምህሩ በጠራው ቁጥር አስተርጓሚዋ ፊደል በፊደል በጣቷ ትጽፈዋለች።

አንድ ቀን መምህሩ እንዲህ አለ፦ «ዩኒቨርስ ገና ጨቅላ ሳለ፣ ቢሊዮን ፀሐይ የሚያህል ክብደት ያላቸው ጥቁር ጉድጓዶች ነበሩ። መቼ ተወልደው መቼ አደጉ? ከሞተ ኮከብ የተረፈ ትንሽ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ እየዋጠ ያድጋል እንበል። ግን አብዝቶ ሲውጥ ዙሪያው ይግላል፤ ብርሃኑም የሚመጣውን ጋዝ መልሶ ይገፋዋል። ታዲያ ጊዜው እንዴት በቃው?»

«ይገፋዋል» ላይ የአስተርጓሚዋ ቀኝ እጅ አልነሳ አለ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቀጠለ። ተማሪዋ ጠረጴዛውን ደበደበችና ተነሥታ በምልክት ተናገረች። አስተርጓሚ የሌላውን ቃል እንዳለ ማሰማት አለባት፤ ስለዚህ ስለ ራሷ በገዛ አፏ፣ «ይቅርታ መምህር፣ አስተርጓሚዬ ደክሟታል» አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት መድከሟን ክፍል ውስጥ ተናግራ አታውቅም።

«ምነው ሳትነግሩኝ?» አለ መምህሩ ደንግጦ። ዕረፍት ሰጠ።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሁለቱ አንድ ምልክት ፈጠሩ፦ አንዱ መዳፍ ጉድጓድ ሠርቶ የሌላውን እጅ ጣቶች ይውጣል። ጭን ላይ ስለሚሠራ ትከሻ አይፈልግም።

«ሌላም ሐሳብ አለ» አለች ተማሪዋ በእጇ። «ግዙፍ የጋዝ ደመና ኮከብ ሳይሆን በአንዴ ይደረመስና፣ ጥቁር ጉድጓዱ ሲወለድም ከባድ ይሆናል።»

«የትኛው ነው እውነቱ?»

«ገና አልለየለትም። ምናልባት ሁለቱም።»

«ተመስገን፤ እናንተም አታውቁም ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

ተማሪዋ የትምህርት ቤቱን ቢሮዎች በር እያንኳኳች ሁለተኛ አስተርጓሚ አስቀጠረች። አሁን በየተራ ይሠራሉ። ተራዋ ሲያልቅ ትልቋ አስተርጓሚ ኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ትቀመጣለች፤ ስለ መጀመሪያዎቹ ጥቁር ጉድጓዶች ለራሷ ለመስማት። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንቅልፍ ይቀድማታል።