የሰማዩ ድንጋይና የጋሽ ደምሴ ኑዛዜ

ትናንት ጠዋት ሱቄ ውስጥ ስፖንጅ እየቆረጥኩ ሳለ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ገቡ። ቀራንዮ ላይ ፍራሽ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ከጎኔ ቧንቧና ቀለም ይሸጣሉ። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ ፍራሹ ላይ ዘፍ አሉ...

«ሰማሽ? ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ እየመጣብን ነው አሉ።»

«የጠፈሩን ነው? እሱማ ቢመጣም ገና ዓመታት ይቀሩታል፣ ጋሼ።»

«ቢሆንም... ይህን ይዤ መሞት አልፈልግም። የአስኮዎቹን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»

ቢላዬ ስፖንጁ መሃል ቆመ።

አምና የአስኮ ሰዎች ልጄን ቤዛን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ እንልካለን ብለው ነበር። ቀኑ ደረሰ፣ ማንም አልመጣም። ልጁም ስልኩን ዘጋ። ቤዛ ክረምቱን ስታለቅስ ከረመች።

«ምን ብለዋቸው ነው?»

«አባትየው ስለ እናንተ ሊጠይቀኝ መጣ። ልጅቷ ሌላ እጮኛ አላት አልኩት። ለእህቴ ልጅ አስቤያት ነበር...»

ደሜ ፈላ። በየቀኑ ምሳ አብረን የምንበላ ሰው! ልጮህ አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ጩኸት ምን ያተርፋል?

በዚያው ጠዋት፣ እሳቸው ሳይመጡ፣ ቤዛ ከስልኳ አንብባልኝ ነበር። ድንጋዩ መጀመሪያ ሲታይ መንገዱ በደንብ ስላልታወቀ ነው የተፈራው፤ ደጋግመው ሲለኩት ከምድር ርቆ እንደሚያልፍ ተረጋግጧል። ይህን ለጋሽ ደምሴ አልነገርኳቸውም።

«እንግዲያው ድንጋዩ ሳይደርስ ይደውሉላቸው» አልኩ። «አሁን። እዚሁ።»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። እኔም እንድሰማ ስልኩን ላውድ አስደረግኳቸው። ሁሉንም ተናገሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄ እኮ እስካሁን የሌላ ሴት ስም አንስቶ አያውቅም!» ብለው አባትየው ስልኩን ዘጉት።

ያኔ ድንጋዩ ርቆ እንደሚያልፍ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው።

«መቼ ሰማሽ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?!»

«እርስዎስ ዓመት ሙሉ ዝም ብለውኝ የለ?»

ሲወጡ ቀና ብለው ሰማዩን አዩት... የከዳቸው ይመስል።

ማምሻውን የአስኮው አባት ራሳቸው ደውለው እሁድ ሽማግሌ ልላክ ወይ አሉኝ። ቤዛን ጠየቅኳት። «ይምጡ፤ መልሱን ግን እኔ ነኝ የምሰጠው» አለች።

ድንጋዩስ በሩቁ ያልፋል... ሽማግሌዎቹ ግን እሁድ ይደርሳሉ።