ኮፒ ያሳነሰው ማሳ

ብዙዬን የሚያምናት ሰው ሞልቷል፤ እሷ የምታምነው ግን የለም። አይፈረድባትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ባሏ በሞተ በዓመቱ የባሏ ወንድም አድማሴ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ማሳዋ መሃል ተከለባት። ሽማግሌ ገብቶ አስመለሰላት። ከዚያ ወዲህ መካነ ሰላም ገበያ በርበሬ እንኳ ስትገዛ የከረጢቱን ታች ካልገለበጠች አይሆንላትም። "ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር" ትላለች፤ ገንፎ ሲቀርብላትም የምሯን ትፈልገዋለች።

የእሷ አማች መሆን ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ኪዳነማርያምን ጠይቁት። የብዙዬ የማሳ ካርታ፣ የጎረቤቶቿም ማሳ አብሮ የተነደፈበት፣ ሰፊ ወረቀት ነው። ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ ሊቀደድ ሲል፣ ኪዳነማርያም ከተማ ወስዶ ኮፒ አስደረገላትና ሁለቱንም አስረከባት። እሷ ታዲያ ምስጋናውን ትታ ወረቀቶቹን መደቡ ላይ ዘረጋች። ከነጠላዋ ክር መዘዘችና ማሳዋን ለካች። ኮፒው ላይ ያለው አንሷል!

"ቆረጡኝ!" አለች። "ከአድማሴ ጋር ተማክሮ ነው። ልጄም ሳታውቅ አትቀርም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጇን የሉሊትን ደጃፍ አልረገጠችም። ሉሊት የላከችላትን እርጎ ሳትቀምስ መለሰችው። ሌላ ልጅ የላትም እኮ! ብትናፍቃትም ወይ ፍንክች።

በገበያ ቀን ሁለቱን ወረቀቶች ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ኮፒ ቤቱ ገባች። የኮፒ ቤቱ ባለቤት አሚራ ማሽኑ አጠገብ ቆማለች።

"አንቺ ነሽ መሬቴን የቆረጥሽው?"

አሚራ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ የብዙዬን ዓይን ስታይ ዋጠችው። "ወላሂ አልቆረጥኩም፣ እናቴ። አብሽሩ፣ ይቀመጡ።" ሁለት ባዶ ወረቀት አንስታ ሰፊው ካርታ ላይ ጎን ለጎን ደረደረች። ልክክ ብለው ሸፈኑት። "እነዚህ ኤ ፎር ይባላሉ። የእርስዎ ካርታ ኤ ስሪ ነው፣ የዚህ እጥፍ። የልጅዎ ባል ሳይታጠፍ ትልቁ ካኪ ፖስታ ውስጥ እንዲገባልዎ ብለው በኤ ፎር አዘዙኝ። ማሽኑ ሁሉንም እኩል ነው ያሳነሰው። የተጻፈውን ስፋት ይዩት፣ ያው ነው።"

"ቁጥር ማን ያምናል? እኔ የማምነው ክሬን ነው።"

"የጎረቤትዎንስ ማሳ በክሩ ለኩት?"

"የአድማሴን? የእሱ ምን አገባኝ!"

"እስቲ ይለኩት።"

ብዙዬ እያጉረመረመች ለካች። የአድማሴም አንሷል። "እሰይ!" አለች ሳታስበው። ቀጥላ መንገዱን ለካች፣ ወንዙን ለካች፤ ሁሉም አንሰዋል። የነካባት ሰው የለም። "ውይ፣ ልጄን!" ብላ አሚራን ሳትሰናበት ወጣች።

ሉሊት ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እናቷን ስታይ አልተነሳችም።

"ልጄ፣ አጣራሁ እኮ" አለች ብዙዬ እያለከለከች። "ወረቀቱ ነው ያነሰው። እናንተ የላችሁበትም።"

"ወረቀቱን ከተማ ድረስ ወስደሽ አስመረመርሽ፣ እማ" አለች ሉሊት ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። "እኔ እዚሁ ነበርኩ። አንድ ቀን መጥተሽ 'እውነት ነው ወይ' አላልሽኝም።"

ብዙዬ ወረቀቶቹን መሬት ላይ ጥላ ልጇ አጠገብ ቁጭ አለች። ከምስሩ እፍኝ ዘግና አብራት መልቀም ጀመረች።