ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ማን ቀረ?

ይህ ነገር ያጋጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት የካቲት ውስጥ፣ እዚህ ለንደን ዋይት ሲቲ ነው። የሰማው ሰው ሁሉ «ደግ ሥራ ሠርተሻል» ይለኛል። እኔን ግን ባሰብኩት ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

እዚህ አገር ለነፋስ ስም ያወጣሉ። ሦስት ቀን ሙሉ በቴሌቪዥን «እየመጣ ነው፣ ከቤት አትውጡ» ሲሉ የፈረንጅ ፍርሃት መስሎኝ ስቄባቸዋለሁ። አርብ ከቀትር በኋላ ከሕንፃችን ጣሪያ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ተገንጥሎ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲከሰከስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ወዲያው የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየበሩ እያንኳኩ ያስወጡን ጀመር። መብራት ጠፍቷል፣ ሊፍቱ ቆሟል። ባለቤቴ ትንሹን ልጃችንን አዝሎ፣ እኔ የትልቋን ልጃችንን የሊዲያን እጅ ይዤ ከስድስተኛ ፎቅ በደረጃ ወረድን። ነፋሱ በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲያፏጭ ሰው የሚጣራ ይመስል ነበር።

ያስጠለሉን በቅርብ ያለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ለዓመታት ሊፍት ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን እያየን የኖርን ጎረቤቶች ያን ቀን ብስኩትና ብርድ ልብስ ተካፈልን። ከካውንስል፣ ማለትም ቤቶቹን ከሚያከራየው የአካባቢው አስተዳደር፣ የመጣች ሴት ዝርዝር ይዛ ስማችንን ትጠይቃለች። ተራዬን ስጠብቅ ዙሪያውን ብቃኝ እማማ የሉም።

እማማ የምላቸው ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩ የአገራችን ሴት ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። ሊፍት ውስጥ ሲያገኙን ልጆቼን «እደጉ» ብለው ይመርቃሉ፤ ሌላ ሰው ከገባ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን ዕቃቸውን እስከ ቤታቸው ተሸክሜላቸው ነበር፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለው በር ነው። እኔ እስክሄድ ድረስ አልከፈቱትም። ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም። የትልቅ ሰው ስም ይጠየቃል እንዴ? እማማ ማለት ይበቃል ተብለን ነው ያደግነው።

ለካውንስሏ ሴት አንዲት አሮጊት እንደቀሩ ነገርኳት። ስማቸውን ጠየቀችኝ፤ አላውቅም። የትኛው ቤት እንደሆነ ሳስረዳት ዝርዝሯን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ቤቱ በአንዲት ወጣት ስም ነው፤ ደውለውላት ከከተማ ውጭ መሆኗን፣ ቤቱም ውስጥ ማንም እንደሌለ ተናግራለች። ሠራተኞቹም አንኳኩተው መልስ አላገኙም።

ጎረቤቶቼን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ግራጫ ካፖርት የለበሱ አሮጊት አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው ጠፋ። የዘጠነኛ ፎቅ ሰዎች እንኳ አያውቋቸውም። ባለቤቴ ሌሊት አውቶቡስ እየነዳ ቀን ስለሚተኛ እሱም አይቷቸው አያውቅም፤ «ከአንቺ በቀር ስለ እሳቸው የሚያወራ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ራሴን ተጠራጠርኩ። አማተብኩም።

«ማም፣ ዛሬ ጠዋት ስኩል ስሄድ አይቻቸዋለሁ እኮ» አለች ሊዲያ።

የተገነጠለው ጣሪያ ልክ ከእሳቸው ቤት በላይ ነው። የቀረውም ይህን ጊዜ እየተነሣ ነበር። አንዱን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለመንኩት። እኔን ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ነገር ግን ወጥቶ እንደሚደውልልኝ፣ ስልኩንም በሩ ላይ ባለው የፖስታ ማስገቢያ ቀዳዳ እንደሚይዝልኝ ነገረኝ። እንዳለውም ደወለ። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጎረቤቶቼ መጥተው ከበቡኝ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ፣ የሊዲያ እናት። ይክፈቱላቸው፣ ሊያወጡዎት ነው የመጡት።»

የነፋሱ ፉጨት ብቻ። ደግሜ ተጣራሁ፣ አሁንም የለም። ሠራተኛው ለጓደኛው «እንውረድ» ሲለው ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ጆሮዬ ሥር የተናገሩ ያህል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ብቻሽን ነሽ?»

አማርኛ የማይሰማው ሁሉ ሳይቀር ደነገጠ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ቆመው ነበር። አዎ ብላቸው ይከፍቱ ይሆናል፤ ግን ከፍተው የማያውቁትን ፈረንጅ ሲያዩስ? እኔ ታች እንዳለሁ፣ በሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች እንደሆኑ፣ እስኪመጡ ከቦታዬ እንደማልነቃነቅ ነገርኳቸው። ከዚያ መቀርቀሪያው ሲከፈት ሰማን፤ አለቀስኩ።

አዳራሽ ሲደርሱ እጃቸው በረዶ ነበር። የካውንስሏ ሴት ዝርዝሯን ይዛ መጣች። ስማቸውን ማን እንደምል ጠየቅኳቸው። ጆሮዬ ላይ ተጠግተው፣

«ስሜን አታስጽፊ፤ ያለ ፈቃድ እዚያ መኖሬን ካወቁ የእህቴን ልጅ ከቤቷ ያስወጧታል» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። ለካውንስሏ ሴት እማማ ከእኛ ጋር እንደሆኑ፣ ኃላፊነቱን እንደምወስድ ነገርኳት። ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም፤ ከስማችን ሥር «አንድ ሰው» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ቁርስ ላመጣላቸው ሄጄ ስመለስ የሉም። አንዲት ወጣት ሴት መጥታ እጃቸውን ይዛ እንደወሰደቻቸው ጎረቤቶች ነገሩኝ። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ያን በር ብዙ ቀን አንኳኳሁ። አሁን ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። ካውንስል ሄጄ ነበር፤ ማንን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ቤተ ክርስቲያን እንዲጸለይላቸው ብጠይቅ ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ።

በዚያች ወጣት «ማንም የለም» በማለቷ ስፈርድባት ከርሜያለሁ። ያን ቀን ግን ስማቸው ሊጻፍ ሲል ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ቢታመሙ ወይም አንድ ነገር ቢደርስባቸው ጠፉ ብሎ የሚያመለክትላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም የማውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነው።